የድሮን ምስል በገደል አገር ለምን ይቋረጣል?

በመካነ ብርሃን ዙሪያ፣ በጃናሞራ ገደላማ ምድር፣ የካሜራ ድሮንን ምስል አብዛኛውን ጊዜ የሚያቋርጠው ርቀቱ ሳይሆን መልክዓ ምድሩ ነው። ምስሉ የሚላክባቸው የ2.4 እና የ5.8 ጊጋኸርዝ ሞገዶች አለትን ሰንጥቀው አያልፉም። ድሮኑ ከገደሉ አፍ በታች ሲወርድ፣ አብራሪው ከጠርዙ ትንሽ ወደ ኋላ ርቆ ከቆመ ምስሉ ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ሸለቆውን ቁልቁል የሚያሳይ፣ ለእግር የማያሰጋ ከፍታ መምረጥ። የሪሞቱ አንቴና ዘንግ ከሆነም ጫፉን ወደ ድሮኑ ማነጣጠር ስህተት ነው፤ ሲግናሉ የሚበረታው በጎኑ በኩል ነውና።

«ማጉያ ብንገጥምስ?» የሚሉ አሉ። ምስሉን የሚልከው ግን ድሮኑ ነው፤ ሪሞቱ ላይ የሚገጠም የማስተላለፊያ ማጉያ ትእዛዙን ያጠነክራል እንጂ ምስሉን አያበረታም። በዚያ ላይ በክፍት አየር ርቀትን እጥፍ ለማድረግ 4 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ከነባሩ በ6 ዴሲቤል የሚበልጥ አቅጣጫ ያለው አንቴና ያንኑ ውጤት ያለ ተጨማሪ ኃይል ይሰጣል፤ መላክንም መቀበልንም ይረዳል። ጨረሩ ጠባብ ስለሆነ ድሮኑን እየተከተሉ ማዞር ግድ ይላል፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፣ ነገር ግን በአንድ ሸለቆ አቅጣጫ ለሚበር ሰው ሸክሙ ቀላል ነው። ከሁሉ በፊት የማብረር ፈቃድ ይያዝ። የደጋው አየር ስስ በመሆኑ ሞተሮቹ በፍጥነት ይሽከረከራሉ፣ ብርዱም የባትሪውን አቅም ይቀንሳል፤ የምስሉ ርቀት ሲረዝም የመመለሻው ባትሪ አብሮ ይታሰብ።