ይለፍ የሚጠየቅበት መብት

ሾዋክ በአትባራ ወንዝ ዳር፣ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። በመሀል አገር ላለ ሰው ስሟ ምንም ላያስታውሰው ይችላል። በምሥራቅ ሱዳን በኩል ለተሰደደ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ግን ሾዋክ ማለት ቢሮ ማለት ነው። ብዙዎች «ኮር» እያሉ የሚጠሩት የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን የአካባቢውን ካምፖች ለረጅም ዓመታት ያስተዳደረው ከዚህች ከተማ ነው።

ከዚያ በሚነሣ አውቶቡስ ላይ ወታደር ይወጣል። በወንበሮቹ መሀል እያለፈ ፊት ያያል፣ እጁን ይዘረጋል። ሱዳናዊው መታወቂያውን አሳይቶ ወደ ወሬው ይመለሳል። ስደተኛው ሁለት ወረቀት ያስፈልገዋል፤ አንዱ ማን እንደሆነ፣ ሁለተኛው በዚያ ቀን ወዴት እንዲሄድ እንደተፈቀደለት የሚናገር። ሁለተኛው ከሌለው ይወርዳል።

ሰብዓዊ መብት ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ ነው ወይስ መንግሥት የሚሰጠው? ጥያቄው ለኢትዮጵያ አንባቢ አዲስ አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በራሳቸው ፈቃድ ለሕዝባቸው የሰጡት ሆኖ ነበር የቀረበው። የ1987ቱ በአንቀጽ 10 ሰብዓዊ መብት ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጭ፣ የማይጣስና የማይገፈፍ ነው ይላል። አንድ አገር በ64 ዓመት ውስጥ ሁለቱንም መልስ በሕግ ደረጃ ሰጥታለች። የሰማው ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ክርክሩ ሲነሣ ፈላስፎች፣ ሃይማኖትና አብዮት ይጠቀሳሉ። በተግባር ብዙ ሰው የነካው ነገር ግን እምብዛም አይነሣም። እሱም የሕግ ሰዎች ተአቅቦ የሚሉት አሠራር ነው፤ አንድ መንግሥት ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲፈርም «ሁሉንም ተቀብያለሁ፣ ይህቺ አንቀጽ ግን እኔን አታስገድደኝም» ብሎ የሚያስመዘግባት መስመር።

እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት ይህን በር ራሱ ከፍቶታል። አንቀጽ 42 መብቶቹን ለሁለት ይከፍላል። ማንም ፈራሚ ተአቅቦ ሊያደርግባቸው የማይችሉ አሉ፤ አለማዳላት፣ የሃይማኖት ነፃነት፣ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት፣ ሕይወትና ነፃነት አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር በግድ አለመመለስ። ሥራ፣ ትምህርትና መንቀሳቀስ ግን በሌላው ወገን ቀሩ። ማንኛውም መንግሥት ሲፈርም ሊያስቀራቸው ይችላል። ስለ ተፈጥሯዊ መብት የሚከራከር ሰው ይህን አንቀጽ ቢያነበው ይበጀዋል። ስምምነቱን የጻፉት ሰዎች የትኛው መብት ከመንግሥት ፈቃድ በላይ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ለድርድር እንደሚቀርብ በግልጽ ወስነዋል።

ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 ስምምነቱን ስትቀበል ተአቅቦ ያደረገችው በአንቀጽ 26 ላይ ነው። አንቀጽ 26 ስለ መዘዋወር ነፃነት ይናገራል። በዚያው ዓመት ያወጣችው የጥገኝነት ሕግም ስደተኛ ከተመደበለት ቦታ እንዳይወጣ ከለከለ፤ ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ነበር። በአውቶቡሱ ላይ እጁን የሚዘረጋው ወታደር ይህን ታሪክ ላያውቅ ይችላል፤ የሚጠይቀው ወረቀት ግን ከዚያ የመጣ ነው።

በሱዳን ብቻ መፍረድ ደግሞ አያስኬድም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንኑ ስምምነት ስትቀበል አራት ድንጋጌዎችን የምትወስዳቸው እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አይደለም ብላ አስመዝግባለች። ከነሱ ውስጥ አንዱ በደመወዝ ተቀጥሮ መሥራትን፣ ሌላው የስደተኛ ልጅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ይመለከታል። ምክር! አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ፊደል መቁጠሩ መንግሥት ቢመቸው የሚሰማው ካልተመቸው የሚተወው ምክር ሆነ ማለት ነው። ያ ዓመት የአፍሪካ መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው፣ በአህጉሩ የሚመኩበትን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የፈረሙበት ዓመት መሆኑ ነገሩን የበለጠ ያሳዝናል።

የሱዳንም ምክንያት ባዶ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መጀመሪያ ኤርትራውያን፣ ኋላም ኢትዮጵያውያን በየጊዜው ገብተዋል፤ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የመጣው ሕዝብ ለማንም መንግሥት የሚከብድ ነበር። የውኃ ጉድጓዱና ክሊኒኩ ለነባሩ ሰው እንኳ አይበቃም። የጎረቤት አገር ተዋጊዎች በስደተኛ መሀል መኖራቸውም የሚያሰጋ ነበር። ስጋቱ እውነት ነው። የተመረጠው መፍትሔ ምን እንዳስከተለ ግን መሬቱ ራሱ ይመሰክራል።

ከገዳሪፍ በስተደቡብ በቀላ አን ነሐል የተቋቋሙት መንደሮች በምሥራቅ ሱዳን ከታቀዱ የስደተኞች ሰፈራዎች ቀዳሚዎቹ ናቸው። ኤርትራዊው ምሁር ጋይም ክብረአብ አካባቢውን ለዓመታት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1996 መጽሐፍ አውጥቷል። ብዙ ሰው ያኔ የሚለው «ስደተኛ መሬቱን አራቆተው፣ ዛፉን ጨረሰው» ነበር። ጋይም መንስኤውን ከእገዳው ዘንድ ፈለገ። ገበሬው የተሰጠው መሬት የተወሰነ ነው፤ ሲደክም ትቶት ወደ ሌላ እንዲሄድ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ሳያሳርፍ ያንኑ ማሳ በማሽላና በሰሊጥ ደጋግሞ ያርሳል። ከብቱም ማገዶውም በዚያው ክልል ይወሰናል። አካባቢውን የሚያውቅ ዘላን ዝናብ ተከትሎ ይንቀሳቀሳል፤ በወረቀት የታሰረ ሰው እግሩ ሥር ያለውን እስኪያልቅ ይጠቀማል። የመንቀሳቀስ መብት እንደ ቅንጦት ሲቆጠር ምን እንደሚሆን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ሌላው ምስክር አንድ ቀን ነው፤ የካቲት 22 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ የአድዋ በዓል ዋዜማ።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ1983 በፊት ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት ምክንያታቸው አብቅቷል ብሎ የወሰነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ደርግ ከወደቀ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ስለዚህ ፍርሃቱም ቀርቷል የሚል ነበር አመክንዮው። በወረቀት ላይ ስሕተት አይታይበትም፤ ፍርሃቴ አልቀረም የሚል ሰውም በግሉ እንዲያመለክት ተፈቅዷል። ብዙ ሰውም ወዶ ተመልሷል። ሆኖም በገዳሪፍና በከሰላ ካምፖች ሃያ ዓመት የኖረ፣ እዚያው አግብቶ የወለደ፣ እዚያው ዘመዱን የቀበረ ሰው ነበር። ደርግን ይዋጉ የነበሩት የኢዲዩ ወይም የኢሕአፓ ሰው ለነበረ የደርግ መውደቅ በቀጥታ አገር መግባት ማለት አልሆነለትም። በየወሩ ራሽን ሲወስድ የሚያሳየው ካርድ ማክሰኞ የሚሠራ፣ ሐሙስ የማይሠራ ሆነ። ሰውየው ግን ያው ነው።

መብትን የሚፈጥረው መንግሥት ነው የሚሉት ልክ ከሆኑ፣ በዚያ ሳምንት የተወሰደበት ሰው የለም፤ የተሰጠው ጊዜው አበቃ እንጂ። ይህን ለመቀበል ይከብዳል። የተፈጥሮ ነው የሚሉት ደግሞ ለዚያ ሰው የሚሰጡት ዱቄት የላቸውም። ሐና አረንት ከናዚ ጀርመን ሸሽታ ለዓመታት ዜግነት አልባ ሆና የኖረች ጸሐፊ ናት። የስደተኞች ስምምነቱ በወጣበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመችው ሥራ ያሳሰባት ይኸው ነበር፤ ሰው መሆን ብቻ የቀረው ሰው መብቱን የሚያስከብርለት አጥቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም እዚህ ላይ ሲደርስ አመነታ። ረቂቁ ስደተኛ ጥገኝነት የመጠየቅና የማግኘት መብት አለው ይል ነበር፤ በእንግሊዝ ሐሳብ «ማግኘት» ወጥቶ «መጠቀም» በሚል ቃል ተተካ። ሰጪው መንግሥት እንደሆነ በአንዲት ቃል ታወጀ።

ያም ሆኖ የምሥራቅ ሱዳን ሰዎች ያደረጉት ነገር የክርክሩን ሚዛን ወደ ሌላ በኩል ይገፋዋል። በጥቅምት 2013 በትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን ተከዜን ተሻግሮ ሐምዳይት የደረሰውን ጨምሮ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ሕዝብ ከ60 ሺህ በላይ ሆነ። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ብዙዎች በለበሱት ልብስ ብቻ ነበር የመጡት። ድንኳንና መዝጋቢ ጠረጴዛ በበቂ ሁኔታ ከመድረሱ በፊት የሐምዳይት ነዋሪዎች ያላቸውን ምግብና ውኃ አካፈሉ፣ ግቢያቸውን ከፈቱ። ቁጥር የጠየቀ አልነበረም። ለእነሱ የተራበ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ማኅተም አላስፈለገም። በኋላ ስደተኞቹ ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ተወሰዱ፤ ኡም ራኩባ በ1970ዎቹም ቤተ እስራኤላውያንን ጨምሮ ብዙዎችን ያስጠለለ ካምፕ ነው። እዚያ ሲደርሱ የይለፉ ሥርዓት ጠበቃቸው።

ከዚያ ነገሩ ተገላበጠ። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ሱዳናውያን በጋላባት በኩል ወደ መተማ ይጎርፉ ጀመር። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ ካምፖች ተቋቋሙ። ኢትዮጵያ በ2011 ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ የመዘዋወርና የመሥራት መብት በመስጠቱ ተመስግኗል፤ ይገባዋልም። ይሁንና ስደተኛው የሚኖርበትን ቦታ የመወሰን ሥልጣን ለመሥሪያ ቤቱ ትቷል። በ2016 ሚያዝያ መጨረሻ በታጣቂዎች ጥቃትና ዘረፋ የተማረሩ ሱዳናውያን ካምፖቹን ትተው በእግራቸው ወደ ጎንደር ከተማ ጉዞ ጀመሩ። ፖሊስ አስቆማቸው፤ በመንገድ ዳርና በጫካ ውስጥ ለወራት ሰፈሩ። በገዳሪፍ መንገድ ላይ ኢትዮጵያዊ ሲጠየቀው የኖረውን ይለፍ አሁን በመተማ መንገድ ላይ ሱዳናዊ አጣው።

የስደተኞች ስምምነቱ አንቀጽ 42 ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽም አለው። ተአቅቦ ያደረገ መንግሥት በፈለገበት ጊዜ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በማሳወቅ ሊያነሣው ይችላል። ጉባኤ መጥራት፣ የሌላ አገር ስምምነት መጠየቅ፣ አዲስ ፊርማ ማሰባሰብ አያስፈልግም። አንድ ደብዳቤ ይበቃል።