የጊታር ዜማን ከካሴት በጆሮ ማውጣት

ኖታው ታትሞ የማይገኝን ዘፈን ጊታር ላይ ለማጥናት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ደጋግሞ መስማት። ብዙ ጎበዝ ተጫዋቾቻችን ያደጉት በዚህ ነው። ሆኖም ነገሩን «ተሰጥኦ ነው» ብሎ የሚተወው ሰው ዛሬም ብዙ ነው። አንድ ድምፅ ብቻውን ሰምቶ ስሙን የሚጠራ ጆሮ እውነትም ብርቅ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አያስፈልግም። የሚፈለገው ከአንዱ ድምፅ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት መለየት ነው፤ እሱ ደግሞ በልምምድ ይመጣል።

መሠረቱ አጭር ነው። ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ፤ አንድ ፍሬት ግማሽ ድምፅ ነው፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይገኛል። በአፋችሁ ያላንጎራጎራችሁትን ዜማ በጣታችሁ አትፈልጉ።

በቅርቡ ያገኘሁት አንድ ወጣት የሮሃ ባንድን የካሴት ዘመን ሥራ ይዞ ይታገል ነበር። ጊታሩን ስልኩ ላይ ባለ መቃኛ አስተካክሏል፤ ግን የትኛውንም ፍሬት ቢይዝ ከዘፈኑ ጋር አይገጥምለትም። «ሳይቃኙ ነው የተጫወቱት» አለኝ። ይህ አነጋገር ያናድደኛል። የባንዱን ሰላም ስዩምን የመሰለ ጊታሪስት ሳይቃኝ ቀዳ ብሎ ከማሰብ በፊት ካሴቱን መጠርጠር ይገባል።

ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሮጥ አለበት። ፍጥነቱ 6 በመቶ ገደማ ሲዛባ ሙዚቃው በግማሽ ድምፅ ይንሸራተታል። 3 በመቶ ገደማ ሲዛባ ደግሞ በሁለት ፍሬቶች መካከል ይወድቅና የትኛውም ፍሬት አይገጥመውም። የቀዳው ቴፕ ይዘገይ ከነበረ፣ በደህና ቴፕ ሲከፈት ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ድንጋዩ የደከመ ቴፕ ሲያጫውተው ደግሞ ይወርዳል። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ኖሮ በመጨረሻ ስልክ ላይ የደረሰ ዘፈን ይህን ሁሉ መዛባት ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል።

ደጉ ነገር፣ ፍጥነት ሁሉንም ድምፅ በእኩል ምጣኔ ነው የሚያንሸራትተው፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት አይነካም። ትዝታ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም ያው ትዝታ ነው። እንግዲያው መቃኛውን ዝጉና ጊታሩን ከዘፈኑ ጋር ቃኙ። ቤዝ ጊታሩ የሚያርፍበትን ድምፅ ያዙ፤ አንዱን ክር ከእሱ ጋር አስማሙ፤ ሌሎቹን ከዚያ ክር ተነስታችሁ አስተካክሉ። የክራር ተጫዋችም ለዘፋኙ ድምፅ ሲቃኝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወጣቱ ክሮቹን በጥቂቱ አላልቶ እንደገና ሲሞክር ዜማው ገባለት።

ማረፊያውን ድምፅ መያዝ ሌላም ጥቅም አለው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል፣ ላ ቤሞል፤ ዶ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ይህ ትዝታ ማይነር ነው። እነዚሁ አምስት ድምፆች ሶል ላይ ሲያርፉ ግን አምባሰል ይሆናሉ። ድምፆቹን ለቅሞ ብቻ የቅኝቱን ስም ለመጥራት የሚቸኩል ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዘፋኙ ስንኙን የት እንደሚዘጋ፣ ቤዙም ከሥር ወዴት እንደሚመለስ ሳይሰሙ ቅኝት መሰየም አይቻልም።

ፈጣን ሐረግ ካስቸገረ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ መስማት ይቻላል፤ ድምፁ አይወርድም። ቴፕ በግማሽ ፍጥነት ሲሄድ ግን አንድ ሙሉ ኦክታቭ ይወርዳል። ሐረጉ ከወጣ በኋላ ወደ ዋናው ፍጥነት ተመለሱ፤ በዝግታ ብቻ የተጠና ዜማ ምቱን ያጣል።

ድምፁ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ቦታው ነው። ቀጭኑ ክር ባዶውን ሲመታ የሚሰጠው ሚ በሁለተኛው ክር 5ኛ፣ በሦስተኛው 9ኛ፣ በአራተኛው 14ኛ ፍሬት ላይም አለ። ባዶው ክር ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ወፍራም ክር ላይ ራቅ ብሎ የተያዘው ደፈን ይላል። ጣት ተንሸራቶ የደረሰበት ድምፅ ከሆነ ባዶ ክር አይደለም። ሁለት ድምፆች አብረው የሚሰሙ ከሆነ ደግሞ በአንድ ክር ላይ ሊሆኑ አይችሉም፤ አንዱን ወደ ጎረቤት ክር ውሰዱና ጣታችሁ ይደርስ እንደሆነ ሞክሩ።