«ቁርጥ አባቷን ነው፤ እሷም ልትታመም ነው?»



በቅርቡ ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ የሚኖሩ እናት የ17 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷን ውጭ አስቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ዶክተር፣ አባቷ አማኑኤል ሲመላለስ ነው የኖረው፤ ስኪዞፍሬኒያ ነው ብለውናል። እሷም ዝምተኛ ናት፣ በትንሹ ትጨነቃለች፣ ቶሎ ሆድ ይብሳታል። የአክስቷ ልጅ ሽማግሌ ተልኮላት ‹በዘራቸው አለ› ተብሎ ቀርቷል። የኔም ልጅ ልትታመም ነው?»

(ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።)

ይህ የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ አብረን እንየው።

🔹 ጠባይ በዘር ይወረሳል?

በከፊል አዎ። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሰዎች መካከል ካለው የባሕርይ ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘረመል ጋር ይያያዛል። ቀሪው ከኑሮ፣ ከአስተዳደግ፣ ከጓደኛና በሕይወት ከሚገጥመን ነገር ነው።

ግን «የጭንቀት ጂን» የሚባል አንድ ጂን የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 450 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ ቶሎ ከመጨነቅና ከመከፋት ባሕርይ (ኒውሮቲሲዝም ይባላል) ጋር የተያያዙ 136 የዘረመል ቦታዎችን አግኝቷል። የእያንዳንዳቸው ድርሻ በጣም ትንሽ ነው።

🔹 እንዲህ ዓይነት ጠባይ ያለው ሰው ይታመማል?

ከዚህ ባሕርይ ጋር ከተያያዙት ጂኖች ብዙዎቹ ከድብርትና ከጭንቀት ሕመም ጋርም ይያያዛሉ። ስለዚህ ተጋላጭነቱ ከፍ ይላል። ተጋላጭነት ግን ሕመም አይደለም። ደመና ሲጠቁር ጃንጥላ እንይዛለን እንጂ ዘነበ አንልም። ዝምተኝነት ደግሞ ብቻውን የምንም በሽታ ምልክት አይደለም።

🔹 ወላጅ ስኪዞፍሬኒያ ካለበትስ?

ይህ ሕመም በአጠቃላይ ከ100 ሰው 1 ያህሉን ይይዛል። አንድ ወላጅ ሲኖርበት ቁጥሩ ከ100 ወደ 10 አካባቢ ይደርሳል። አዎ፣ ይጨምራል። ግን ገልብጣችሁ እዩት፦ ከ10 ልጆች 9ኙ አይያዙም! በዘረመል አንድ ዓይነት የሆኑ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ብዙ ጊዜ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል።

🔹 በምርመራ ማወቅ ይቻላል?

አይቻልም። ማን እንደሚታመም ቀድሞ የሚናገር የዲኤንኤ ምርመራ የለም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። እስካሁን አብዛኛው የዘረመል ጥናት የተሠራውም በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ (በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል)፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከአሥር ሺዎች ሰዎች የምራቅ ናሙና ሰብስቧል።

🔹 በእጃችን ያለው ምንድን ነው?

✅ በቤተሰብ ሕመሙ ካለ ከሐሺሽ ፈጽሞ መራቅ፤ ጫትንም መተው
✅ በቂ እንቅልፍ
✅ ልጅን «እንደ አባትሽ ልታብጂ ነው» ብሎ አለማስፈራራት
✅ ጸበል የምትሄዱ ከሆነ መድኃኒቱን ሳታቋርጡ

⚠️ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ያለ ምክንያት ሰውን መጠራጠር፣ ሳይተኙ ቀናት መቆየት ወይም ከ2 ሳምንት ያለፈ ከባድ ድብርት ካለ ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱ። «መሞት እፈልጋለሁ» የሚል ቃል ከሰማችሁ ግን ለነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል!

በመጨረሻ ልጅቷን አስገብቼ ለብቻዋ አነጋገርኳት። ድምፅ አትሰማም፣ ትምህርቷም ደህና ነው። የሚያስጨንቃት ሌላ ነበር፦ አባቷን ምን እንደያዘው ቤት ውስጥ ማንም ነግሯት አያውቅም። ማታ ማታ ስልኳ ላይ እየፈለገች፣ ያነበበችው ሁሉ እሷ ላይ ያለ ይመስላት ነበር።

እናቷን ጠርቼ ሦስታችንም ስለ አባቷ ሕመም በስሙ ጠርተን አወራን። ስትወጣ «ስለዚህ እኔ እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ አልኳት።

እናንተም ቤት እንዲህ የተደበቀ ነገር ካለ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ።