እንቅርትና የታይሮይድ ዕጢ ድካም፤ ክኒኑ ምን ይሠራል፥ ጨውስ ምን ይሠራል?



«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ያልሰማ ሰው በአገራችን የለም። አበው ይህን የተናገሩት በመከራ ላይ መከራ ሲደረብ ለመግለጽ ነው። ነገር ግን ተረቱ ሌላም ነገር ያስረዳናል፤ ይኸውም እንቅርት ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቀው፥ ለምሳሌ እስኪጠቀስ ድረስ የተለመደ ደዌ እንደ ነበረ ነው። ዛሬም ቢሆን በነፋስ መውጫ፥ በአርብ ገበያ፥ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ገበያ አንገታቸው ያበጠ እናቶችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሰው የለመደውን ነገር እንደ በሽታ መቁጠር ይተዋልና፥ በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ እንቅርትና ከእርሱ ጋር ስለሚዛመደው ስለ ታይሮይድ ዕጢ ድካም ልናስረዳ አስበናል።

ዕጢው ምንድን ነው?

ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ በአንገት ፊት፥ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፥ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ በአየር ቧንቧ ላይ የተቀመጠ ነው። ሥራውም አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ከደም ውስጥ እየለቀመ ታይሮክሲን የሚባለውን ሆርሞን ማዘጋጀት ነው። ሆርሞኑ ለሰውነት እንደ ማገዶ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ማገዶው የቀነሰ ምድጃ ድስቱን ሁሉ እንደሚያዘገይ፥ ታይሮክሲን ሲያንስም ልብ ቀስ ብሎ ይመታል፥ አንጀት ይዘገያል፥ ሐሳብ ይደክማል፥ ገላም ይቀዘቅዛል።

ዕጢውን የሚያዝዘው አለቃ በአንጎል ሥር የሚገኝ አተር የሚያህል ሌላ ዕጢ ነው። ይህ አለቃ ሆርሞኑ ማነሱን ሲያውቅ ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለውን ትእዛዝ በደም በኩል ይልካል። አዮዲን ጠፍቶ ታይሮይድ ሥራውን መፈጸም ሲያቅተው ትእዛዙ ይበረታል፤ ዕጢውም ያለችውን ጥቂት አዮዲን ለመልቀም ሲል እየሰፋ ይሄዳል። እንቅርት ማለት እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ጥሬ ዕቃ ያጣ ሠራተኛ የሚያሳየው ጭንቀት ነው።

አዮዲኑ ወዴት ሄደ?

አዮዲን በአፈር ውስጥ የሚገኝ፥ በውኃ በቀላሉ የሚታጠብ ነገር ነው። የጉናን ተራራ ግርጌና የጋይንትን፥ የስማዳንና የእስቴን ተዳፋት የሚያውቅ ሰው፥ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ምን ያህል አፈር ይዞ እንደሚወርድ አይቶአል። ከጉና የሚነሡት ጉማራና ርብ ወደ ጣና፥ ሌሎቹም ወንዞች ወደ ዓባይ ሲወርዱ አፈሩን ብቻ ሳይሆን አዮዲኑንም ይዘውት ይሄዳሉ። አፈሩ አዮዲን ካጣ ገብሱና ስንዴው፥ ድንቹና ጎመኑም ያጣሉ። ሣሩም ስለሚያጣ የላሚቱ ወተት ይጎድልበታል። ስለዚህ እንቅርት የእርግማን ወይም የቡዳ ሥራ አይደለም፤ ባልንጀራ ከባልንጀራው የሚጋባው ተላላፊ በሽታም አይደለም።

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም፥ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ሰው በዕድሜው ሁሉ የሚፈልገው ቢጠራቀም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ሰውነት ለብዙ ዘመን የሚበቃውን በአንድ ቀን ማከማቸት ስለማይችል፥ በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ መግባት አለበት።

እንቅርት ሁሉ አንድ ነውን?

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምንፈልገው ታላቅ ነገር አለ። እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ሆርሞኑ አንሶበታል ማለት አይደለም፤ ሆርሞኑ ያነሰበት ሰው ሁሉም እንቅርት ይኖረዋል ማለት አይደለም። አንዳንዱ እንቅርት ሆርሞኑን ከመጠን በላይ ያመነጫል፤ ባለቤቱም ይከሳል፥ ልቡ ይመታበታል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ሙቀት አይችልም። ሆርሞኑ ያነሰበት ሰው ግን በተቃራኒው ብርድ ይበረታበታል፥ ሳይበላ ይወፍራል፥ ቆዳው ይደርቃል፥ ጠጕሩ ይረግፋል፥ ድምፁ ይጎረናል፥ ሆዱ ይደርቃል፥ ፊቱም ያብጣል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ይበዛል ወይም ይዛባል፤ ፅንስም ሊዘገይ ወይም ሊጨነግፍ ይችላል።

ዕጢው የሚደክመው ከአዮዲን እጥረት ብቻ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ ዕጢውን የሚያጠፋበት ደዌ አለ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ እርሱ በጻፈው ጃፓናዊ ሐኪም ስም ሃሺሞቶ ይባላል። እንዲሁም እንቅርቱ በቀዶ ሕክምና ተቈርጦ የወጣለት ሰው፥ ዕጢው በሙሉ ከወጣ ሆርሞኑን የሚሠራለት ሌላ አካል የለውም። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ዓይን ሳይሆን ከክንድ የሚወሰድ ጥቂት ደም ነው፤ በምርመራውም ቲ.ኤስ.ኤች. ከፍ ብሎ ታይሮክሲን ዝቅ ካለ ዕጢው ደክሞአል ማለት ነው።

ስለ ክኒኑ

እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሬይ የተባለ የኒውካስል ሐኪም ዕጢዋ የደከመባትን አንዲት የ46 ዓመት ሴት ከበግ ዕጢ በተጨመቀ ፈሳሽ አከማት። ሴትዮዋም ለሞት ቀርባ ሳለ ዳነች፤ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች፤ ለሕክምናዋም ከ870 የሚበልጡ በጎች ዕጢ ማስፈለጉ ተጽፎአል። ሆርሞኑ እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካዊው በኬንዳል ተነጥሮ ተገኘ፤ በ1927 ሃሪንግተንና ባርገር በቤተ ሙከራ ሊሠሩት ቻሉ። ዛሬ ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ክኒን ያው ዕጢው ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው። ስለዚህ በሽተኛው የጎደለውን ነገር እየተካ ነው እንጂ እንግዳ መድኃኒት እየለመደ አይደለም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት መምህርት ወደ ሐኪም ቤት መጡ። ዓመት ሙሉ ክኒናቸውን ሲወስዱ ቆይተው ደኅና ሆነው ነበር። ጎረቤት ግን «ጤነኛ ሰው ዕድሜ ልኩን ክኒን ይውጣልን?» ስላላቸው ተዉት። ሳምንት አለፈ፥ ምንም አልሆኑም፤ ወር ሊሞላ ሲልም ደኅና ነበሩ፤ ስለዚህ ድነናል ብለው ደመደሙ። በአራተኛው ወር ግን በቀትር ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጡ፥ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው የተማሪዎቻቸው ስም ይጠፋባቸው ጀመር። ተማሪዎቹም «መምህርታችን ታክተውናል» አሉ። እኒህ ሴት የታከቱ አልነበሩም፤ ማገዶአቸው ነበር ያለቀው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በደም ውስጥ ያለው ታይሮክሲን በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ክኒኑን ያቋረጠ ሰው ወዲያው አይታመምም፤ ጎተራው ቀስ በቀስ ነው የሚራቆተው። አታላዩም ይህ ነው። ክኒኑን የጀመረ ሰውም እንዲሁ በሦስት ቀን ለውጥ አላየሁም ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም፤ የመጠኑ ትክክለኛነት የሚመዘነው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ በሚደረግ የደም ምርመራ ነው።

ክኒኑ የሚወሰደው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ጠዋት በባዶ ሆድ፥ በንጹሕ ውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግደው፥ የጠዋቱ ጀበና ሰዓቱ እስኪሞላ ይቆይ።

2ኛ/ የብረት ክኒን፥ የካልሲየም ክኒንና የጨጓራ አሲድ ማብረጃ ከእርሱ ጋር አይወሰዱም፤ በመካከላቸው 4 ሰዓት ይለፍ። ነፍሰ ጡሮች ከጤና ጣቢያ የብረት ክኒን ስለሚሰጣቸው ይህን አጥብቀው ያስታውሱ።

3ኛ/ የሚጾም ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ቆይቶ ሲተኛ ሊወስደው ይችላል። ዋናው ነገር ሰዓቱን አለመለዋወጥ ነው።

4ኛ/ የፀነሰች ሴት ወዲያው ለሐኪም ትንገር፤ ብዙውን ጊዜ መጠኑ መጨመር አለበትና። ክኒኑ ለፅንሱ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም፤ ማቋረጡ ነው ጉዳቱ።

5ኛ/ አረጋውያንና የልብ ሕመምተኞች በጥቂቱ ጀምረው ቀስ እያሉ ይጨምራሉ።

6ኛ/ ክኒኑን ለጎረቤት ማካፈል ደግነት አይደለም። እንቅርቱ ሆርሞን የሚያበዛበት ሰው ቢውጠው ልቡን ሊጎዳው ይችላል።

ስለ ባህል መድኃኒትና ስለ ሌሎች አማራጮች

በአንዳንድ አረጋውያን እናቶች አንገት ላይ የምናየው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ እንቅርት እንዳይወጣ ወይም የወጣው እንዲመለስ ታስቦ የተነቀሰም አለ። እብጠቱን መብጣትና በጋለ ብረት መተኮስም ተለምዶ ኖሮአል። ይህ ሁሉ ለወገን ከማሰብ የመጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ቆዳ ላይ የሚደረግ ነገር በዕጢው ውስጥ የጎደለውን አዮዲን አይሞላም። አንገት ትላልቅ የደም ሥሮች የሚያልፉበት ስፍራ ስለ ሆነም መብጣቱ ለመድማትና ለመመርቀዝ ያጋልጣል።

ሽፈራው፥ ጥቁር አዝሙድና ሌሎችም ቅጠላ ቅጠሎች በየከተማው ለታይሮይድ ተብለው ይሸጣሉ። በምግብነታቸው ብንወዳቸውም ታይሮክሲንን ሊተካ የሚችል ቅጠል የለም። ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን በውኃ በጥብጦ መጠጣትም አደገኛ ነው። ከመጠን ያለፈ አዮዲን የታመመውን ዕጢ ሊዘጋው፥ ወይም ለብዙ ዘመን በእንቅርት የኖሩትን አረጋውያን ዕጢ ከልክ በላይ ሊያነሣሣው ይችላል። ጎመንን በተመለከተ ግን ፍርሀቱ የተጋነነ ነው፤ በቂ አዮዲን ለሚያገኝ ሰው የበሰለ ጎመን አይጎዳም።

ስለ ጸበል የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች.አይ.ቪ. ሲናገሩ ጸበሉና የሐኪም መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስተምረዋል። ለዚህም ደዌ ነገሩ ከዚያ የተለየ አይመስለንም፤ ጸበል የሚሄድ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ።

የጨው ነገር

እንግዲህ ተፈጥሮአዊ መድኃኒት ለሚሹ ሁሉ እውነተኛው መድኃኒት በእያንዳንዱ ማጀት ውስጥ ይገኛል፤ እርሱም አዮዲን የገባበት ጨው ነው። ስዊስ የተባለችው ተራራማ አገር እንደ እኛው በእንቅርት የታወቀች ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ጨውዋን በአዮዲን በማበልጸግ ከዚህ ነውር ተላቀቀች።

በአገራችን በ1973 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ100 ተማሪዎች 30 ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸው ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብና የምጽዋ ጨው ተቋረጠ፤ በስፍራው የተተካው የአፋር ጨው ግን አዮዲን አልነበረውም። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ጥናትም ከ100 እናቶች 36 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የሚያዝዝ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት አዮዲን የነካው ጨው የተገኘው ከ100 ቤቶች በ15 ያህሉ ብቻ ሲሆን፥ በ2008 ዓ.ም. 89 ያህል ደረሰ። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን አዮዲን የነካው ጨው ሁሉ በቂ አዮዲን አለው ማለት አይደለም።

ስለዚህ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ይግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ፥ ከእርጥበት፥ ከፀሐይና ከምድጃ አርቀው ያስቀምጡት፤ አይጠቡት፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። መብዛት ግን የለበትም፤ በቀን ከ5 ግራም ያላነሰ ጨው የደም ግፊት ያመጣልና።

ይህ ጨው የሚከለክለው እብጠትን ብቻ አይደለም። በማኅፀን ያለ ሕፃን አንጎል የሚሠራው በእናቲቱ ሆርሞን ነው፤ አዮዲን በብርቱ ያጣች እናት መስማትና መናገር የተሳነው ወይም አእምሮው የዘገየ ልጅ ልትወልድ ትችላለች። ይህ ጉዳት አንዴ ከደረሰ አይመለስም። ዕጢው ሳይሠራ የተወለደ ሕፃን ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክኒኑን ቢጀምር አእምሮው ይድናል። ጡት መሳብ የሚደክመው፥ ምላሱ የተለቀ፥ ሆዱ የሚደርቅ፥ ቢጫነቱም የማይለቀው ሕፃን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ።

ለመምህራን

እናንተ መምህራን ከሐኪም አስቀድማችሁ ታያላችሁ። ከእኩዮቹ በቁመት ወደ ኋላ የቀረውን፥ በፀሐይ ላይ እንኳ የሚበርደውን፥ ቀድሞ ጎበዝ የነበረና አሁን የሚያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት አንገቱን ተመልከቱ፤ ወላጆቹንም ወደ ጤና ጣቢያ ላኳቸው። እንቅርቱ በፍጥነት ያደገ፥ የጠጠረ፥ ድምፅ የዘጋ ወይም መዋጥ የከለከለ ሰው ሲገጥማችሁም ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ ምከሩት። ሳይታከም የኖረ የዕጢ ድካም ያለበት ሰው በብርድ ወይም በሳንባ ምች ላይ እንቅልፍ ከጣለውና ገላው ከቀዘቀዘ፥ ይህ የሞት ጥሪ ነውና በዚያው ሰዓት ይወሰድ።

ያችም መምህርት ክኒናቸውን ዳግመኛ ጀምረው ወደ ሰሌዳቸው ተመልሰዋል። አበው «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፥ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። ጨዋችን በአዮዲን እንዲጣፍጥ፥ ዕጢው የደከመበትም ሰው ክኒኑን እንዳይጥል ማድረግ የሁላችንም ድርሻ ነው።