ጭነትን በአምሳያ ባቡር ላይ ስለ ማሰር

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች የዕረፍት ጊዜያቸውን የባቡር አምሳያ በመሥራት ያሳልፋሉ። በሰፊው ከተለመዱት የአምሳያ መጠኖች አንዱ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰው ነው። በዚህ መጠን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው የ1,435 ሚሊ ሜትር ርቀት 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ቁመቱ 174 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰውም ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

ከአምሳያዎቹ መካከል ግድግዳና ክዳን የሌለው ጠፍጣፋ ፉርጎ ይገኛል። በእርሱ ላይ የተጫነ ነገር ሁሉ ከዓይን አይሰወርም። ስለዚህ አንድ ሰው ትንሽ ትራክተር በፉርጎው ላይ በሙጫ አጣብቆ ሥራውን ቢፈጽም፣ ትራክተሩ አይወድቅም፤ ተመልካቹ ግን «ይህ ሳይታሰር እንዴት ይጓዛል?» ማለቱ አይቀርም።

ለአምሳያው ሙጫ የሚበቃበትን ምክንያት አስተውሉ። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ እያንዳንዳቸው በ87 ሲካፈሉ፣ ክብደት በ87 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ይካፈላል። ስለሆነም 6,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ትራክተር አምሳያው ከዚያው ብረት ቢሠራ 9 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል።

የእውነተኛው ጭነት ነገር ግን ሌላ ነው። ፉርጎዎች ሲቀጣጠሉ ወይም ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፤ በኩርባ ላይ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ፉርጎው ሲንገጫገጭም ወደ ላይ ይነጥራል። ተንሸራቶ የወጣ ጭነት በአጠገቡ የሚያልፈውን ባቡር ሊመታ፣ ፉርጎውንም ከሐዲዱ ሊያስወጣ ይችላል። የአሜሪካ የምድር ባቡሮች ማኅበር ክዳን በሌላቸው ፉርጎዎች ላይ ጭነት ስለሚታሰርበት መንገድ ዝርዝር ደንብ ያወጣው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ አምሳያውን ከመሥራታችሁ በፊት፣ «ጭነቱ ወዴት ሊሄድ ይችላል? ምንስ ያግደዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጭነቱ ትራክተር ከሆነ፣ እንዳይንከባለል በየጎማው ፊትና ኋላ ሽብልቅ ይደረጋል፤ ሽብልቁም በእንጨቱ ወለል ላይ በምስማር ይመታል። እንዳይነጥርና እንዳያዘነብል ደግሞ በአራቱ ማዕዘን ሰንሰለት በሰያፍ ይወጠራል። ግንድ ወይም ቧንቧ ከሆነ፣ በፉርጎው ግራና ቀኝ ባሉት ማስገቢያዎች ካስማ ይተከላል፤ በቧንቧዎቹ ድርድር መካከልም አግዳሚ እንጨት ይገባል።

መጠንም መጠበቅ አለበት። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠርብ በአምሳያው ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የክብሪት እንጨት ብትጠቀሙ ግን የ17 ሳንቲ ሜትር ጠርብ አኖራችሁ ማለት ነው። በሽቦ ገመድ ፈንታ የሚገባው የስፌት ክር በሰም ካልታሸ ቃጫው ብቅ ብቅ ብሎ ክርነቱን ያጋልጣል። ሰንሰለቱ ከላላም ምንም እንደማይዝ ወዲያው ይታወቃል፤ አዲስ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ የዝገት መልክ ያለው ቀለም ይቀባ።

ጥሩ አምሳያ ሠሪ የነገሩን መልክ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይቀዳል። ፉርጎውን ከጨረሳችሁ በኋላ እያንዳንዱን ማሰሪያ በጣታችሁ እያመለከታችሁ፣ «ይህ ምን ይከለክላል?» በሉ። መልስ ያጣችሁለት ካለ፣ ወይ ቦታው አይደለም፣ ወይም አያስፈልግም።