የሣጥኑ ጽሑፍና የዕቃው ልክ
የኮምፒዩተር ዕቃ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎች

ንግድ በልክና በሚዛን የጸና ሥራ ነው። ቡና በፈረሱላ ሲሸጥ ፈረሱላው 17 ኪሎ መሆኑን ሻጭም ገዥም ያውቃልና ክርክር አይነሣም። በኮምፒዩተር ዕቃ ንግድ ግን እውነተኛው ልክ፥ በሣጥኑ ላይ በደማቅ ቀለም ከታተመው ሙገሳ በስተጀርባ፥ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። «እጅግ ፈጣን»፥ «አዲስ ትውልድ»፥ «የባለሙያ ምርጫ» የሚሉት ቃላት ደንበኛን ይስባሉ እንጂ የሚለኩ አይደሉም፤ ክርክር በተነሣም ጊዜ ነጋዴውን አይረዱትም።

አስቀድሞ፥ ማታለል ያልሆነውን ከማታለል መለየት ያስፈልጋል። 1 ቴራባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በዊንዶውስ ሲታይ 931 ጊጋባይት ያህል ብቻ ያሳያል። ይህም የሆነው ፋብሪካው አንዱን ጊጋባይት 1,000,000,000 ባይት ብሎ ሲቆጥር፥ ዊንዶውስ 1,073,741,824 ባይት ብሎ ስለሚቆጥር ነው እንጂ ከዕቃው የጎደለ ነገር የለም። ይኸው የአቆጣጠር ልዩነት በአሜሪካ ክስ አስነሥቶ፥ ዌስተርን ዲጂታል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን በስምምነት ጨርሷል። ባለሱቁ ልዩነቱን ከሽያጩ በፊት ቢያስረዳ ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

ሐሰተኛው ፍላሽ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። 2 ቴራባይት ተብሎ በርካሽ የቀረበ ፍላሽ ሲመረመር፥ የመያዝ አቅሙ ከ64 ጊጋባይት የማይበልጥ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሐሰተኛ ቁጥር እንዲናገር ሆኖ ስለተሠራ ኮምፒዩተሩም ይታለላል። ገዥው እውነተኛው አቅም እስኪሞላ ድረስ ምንም አይገነዘብም፤ ከዚያ ወዲያ ግን መረጃው ይበላሻል። መፈተኛው መንገድ ዕቃውን ከዳር እስከ ዳር በመረጃ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው፤ ለዚህም ያለ ክፍያ የሚገኙ የመፈተሻ ፕሮግራሞች አሉ።

ደግሞም ስም ሲለወጥ ዕቃው ላይለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዩኤስቢ 3.0 ተብሎ የወጣው በ2013 «3.1 ጄን 1»፥ በ2017 «3.2 ጄን 1» ተባለ፤ ፍጥነቱ ግን በሦስቱም ስም በሰከንድ 5 ጊጋቢት ነው። ቢትና ባይትም አንድ አይደሉም፤ ይህ 5 ጊጋቢት በባይት ሲሰላ ከ500 ሜጋባይት አያልፍም። የመሰኪያውም ቅርጽ ለፍጥነቱ ምስክር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጡት አይፎን 15 እና አይፎን 15 ፕሮ ቅርጹ አንድ የሆነ ዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ አላቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት፥ ሁለተኛው በተስማሚ ገመድ እስከ 10 ጊጋቢት ያስተላልፋል። «እስከ» የምትለውም ቃል ከፍተኛውን እንጂ የዘወትሩን ፍጥነት እንደማትናገር ልብ ይሏል።

የነገሩ ክብደት ይበልጥ የሚታወቀው ግን በባንክ በኩል ነው። ዩሲፒ 600 በተባለው የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት ደንብ አንቀጽ 5 መሠረት፥ በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚከፍል ባንክ የሚመለከተው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ፕሮፎርማው «ፈጣን ዲስክ፥ 1 ቴራባይት» ብቻ የሚል ከሆነ፥ የመጣው ዕቃ ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ ሰነዱ ከተሟላ ክፍያው ይፈጸማል፤ በብዙ ድካም የተገኘው የውጭ ምንዛሪም ይሄዳል። ስለዚህ አስመጪው የፋብሪካውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር፥ የመያዝ አቅሙን፥ የማንበቡንና የመጻፉን ፍጥነት፥ የዋስትናውንም ዘመን በፕሮፎርማው ላይ ያስጽፍ። ገለልተኛ መርማሪ ናሙና ፈትኖ የሚሰጠው የምስክር ወረቀትም ለክፍያ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ይጠይቅ። ባለሱቁም በበኩሉ እነዚሁኑ ቁጥሮች በደረሰኙ ላይ ቢያሰፍር መልካም ነው።

የማስታወቂያው ቃል ከሣጥኑ ጋር ይጣላል፤ ባለሱቁ ግን በዚያው ሰፈር፥ በዚያው ደንበኛ ፊት ይኖራል። በልኩ ገዝቶ በልኩ የሸጠ ነጋዴ፥ ትርፉ በአንድ ቀን ባይበዛ እንኳ፥ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣለታል።