ጋምቤላ፦ የማይመርጠው ሰው የቀረው የት ላይ ነው?

ምርጫ በደረሰ ቁጥር፣ መምረጥ የሚችል ሰው ለምን ይቀራል የሚለው ጥያቄ ይነሳል። የሚሰጡት መልሶችም የታወቁ ናቸው፤ ተስፋ ቆርጧል፣ አሸናፊውን አስቀድሞ ያውቃል፣ ኑሮ ፋታ አልሰጠውም፣ ጸጥታው ያሰጋዋል። ሁሉም እውነትነት አላቸው። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ሲወስዱ ያየ ሰው፣ «የእኔ ድምፅ ምን ይለውጣል?» ቢል አይፈረድበትም። ጋምቤላ ላይ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም፣ ክብደቱን ያህል ያልተነገረለት ምክንያት አለ።

አስቀድመን ቁጥሩን እንይ። በ2013ቱ ስድስተኛ ጠቅላላ ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ፤ ከተመዘገበውም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ድምፅ ሰጠ ተባለ። ይህን የሰማ ሰው፣ እኛ አገር ከምርጫ የሚቀር የለም ብሎ ሊደመድም ይችላል። መቶኛው የተሰላው ግን ከተመዘገበው ላይ ነው። በጀርመንና በስዊድን መንግሥት ከነዋሪዎች መዝገብ የመራጩን ስም ራሱ ያወጣል። እኛ ጋ ግን ሰውየው ምርጫ ጣቢያ ድረስ ሄዶ፣ ማንነቱን አስረድቶ፣ ካርድ መውሰድ አለበት። ስለዚህ ብዙው ሰው የሚቀረው ከድምፅ መስጫው ዕለት ቀደም ብሎ፣ ምዝገባው ላይ ነው። እዚያ የቀረ ደግሞ በየትኛውም መቶኛ ውስጥ አይታይም።

ጋምቤላ ውስጥ ያ የምዝገባ ጠረጴዛ ከሌላው አካባቢ ይከብዳል። ከከተማዋ በስተደቡብ ራቅ ብሎ ባለው የጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ያለፈ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል። እዚያ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅት ባልደረባው፣ የይለፍ ወረቀት የያዘው ስደተኛ በአንድ በር ይገባሉ። ፈታሹ የሚያየው በመታወቂያውና በትኬቱ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን ነው፤ ማንንም «የማን ልጅ ነህ? አባትህ ከወንዙ ማዶ ነው ከወዲህ?» አይልም። ምርጫ ጣቢያ ላይ ግን ጉዳዩ ዜግነት ነው። የምርጫ አዋጅ 1162/2011 መራጩ ኢትዮጵያዊ፣ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ሲነበብ ቀላል ነው። በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ለሚወርድ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉን ሸሽቶ ወደ ከፍታው ለሚመለስ የዋንቱዋ ወይም የጂካዎ አርቢ ግን ስድስቱ ወር የት እንደተቆጠረ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ዜግነቱን በምን ያስረዳ? መደበኛው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ያኔ ተወልዶ የተመዘገበ ሕፃን ለመምረጥ የሚደርሰው በ2026 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የገጠሩ መራጭ ማስረጃ የቀበሌ መታወቂያ ወይም የሰው ምስክርነት ሆኖ ይቆያል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያም ይህን አይፈታውም፤ የነዋሪነት መለያ ስለሆነ ስደተኛም ይወስደዋል፣ ዜጋ መሆንን አያረጋግጥም።

ክልሉ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠልሏል። በ1999ኙ ቆጠራ የተመዘገበው የክልሉ ሕዝብ ራሱ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። ኑዌር ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ይኖራል፤ አኙዋም እንዲሁ። በዚህ መሃል መዝገቡ የመራጭ ዝርዝር ብቻ መሆኑ ይቀርና «ምድሩ የማን ነው?» የሚለው ክርክር መሟገቻ ይሆናል። አኙዋው መዝገቡ ከማዶ በመጣ ሰው ይሞላብኛል፣ በገዛ አገሬ አናሳ እሆናለሁ ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እዚሁ ተወልዶ ያደገው የኑዌር ወጣት ደግሞ በአነጋገሩና በመልኩ ብቻ እንደ ስደተኛ መታየቱ ያመዋል። ይህም እውነት ነው። ከደጋ መጥቶ ሁለት ትውልድ የቆጠረው ነዋሪ፣ ክልሉ በነባርነት ከሚያውቃቸው ከኑዌር፣ ከአኙዋ፣ ከመዠንግር፣ ከኦፖና ከኮሞ አንዱ ስላልሆነ ምርጫው የእነሱ ጉዳይ ነው ይላል። ሦስቱም ከምዝገባ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ሲቀሩ ግን አንዳቸውም ግድ የለሽ አይደሉም። ሰው ፊት ዜግነቱን ተጠይቆ ከመዋረድ ቤቱ መቀመጥን የመረጠን ሰው «ንቃተ ህሊና ይጎድለዋል» ማለት በደል ይመስለኛል።

የመራጮች ትምህርትም ለዚህ ሰው ብዙ አይረዳውም። ፖስተሩና የሬዲዮ ማስታወቂያው እንዴት እንደሚመረጥ ያስተምሩታል፤ እሱ ግን የጎደለው የሚያምነው ማስረጃና የማያሸማቅቅ መዝጋቢ ነው።

ይህን ማቃለል ዋጋ ያስከፍላል። ኮትዲቯር በዚሁ ጥያቄ፣ ዜጋው ማነው በሚለው፣ እንደ ጎርጎርሳውያኑ አቆጣጠር በ2002 ወደ እርስ በርስ ጦርነት ገብታለች። በ2005 ሊካሄድ የነበረው ምርጫዋም መራጮችን መለየት ዋና ማነቆ ሆኖበት እስከ 2010 ተንከባልሏል። ጋምቤላ ኮትዲቯር አይደለችም። ይሁንና ኢታንግንና የክልሉን ዋና ከተማ በቅርብ ዓመታት ያናወጠውን የእርስ በርስ ግጭት ያየ ሰው፣ መዝገቡ ላይ ያልተፈታ ጥል ወደ ሌላ ሜዳ እንደሚሄድ ይገባዋል። ጋምቤላ በተወካዮች ምክር ቤት ያላት ሦስት መቀመጫ ብቻ ነው። በክልሉ ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ሁሉን በሚወስድበት የምርጫ ሥርዓት፣ በትንሽ የምርጫ ክልል ከመዝገብ የቀሩት ሰዎች ከአሸናፊው ብልጫ ሊበልጡ ይችላሉ። እንዲህ ያለው አሸናፊ መሬትና ውኃ ሲያከፋፍል፣ ወሰን ሲያሰምር፣ «ወክላችሁኛል» ለማለት አንደበቱ ይከብደዋል።

መፍትሔው ምዝገባውን ማላላት ነው ለማለት አልደፍርም፤ የአኙዋን ስጋት ንቆ የሚሠራ መዝገብ አይጸናም። ግን ምስክር የሚሆኑት ሽማግሌዎች ከሁሉም ወገን በጋራ ቢቀመጡ፣ ለተቃውሞ የሚለጠፈው መዝገብ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ቢወጣ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የልደት ምዝገባው እስከ ወንዝ ዳሩ የከብት በረት ቢደርስ፣ ጥያቄው ከፊትና ከአነጋገር ወደ ሰነድ ይሸጋገራል። ምርጫ ቦርድም ከተመዘገበው ስንቱ መረጠ ከሚለው ጎን፣ መመዝገብ ከሚገባው ስንቱ ቀረ የሚለውን በየወረዳው ለይቶ ሊነግረን ይገባል።